የመጀመሪያው ቁራሽ

አንኮበር ገበያ ዳር ቆሞ «ደህና ዳቦ፣ ዋጋውም ሰው የማይጎዳ፣ ከየት ይገኛል?» ብሎ የሚጠይቅ መንገደኛ ቢመጣ፣ ሰዉ እስከ ዛሬ የእኔን ደጅ ነው የሚያሳየው። ትናንት አንዱ በቅሎውን እየጎተተ መጣና «የእትዬ ውድነሽ ቤት ይኼ ነው?» አለኝ። «ቤቱስ ነው፣ ዳቦው ግን ወደ ሌላ ቤት ሄዷል» አልኩት። አላመነኝም መሰለኝ፣ አንገቱን አስግጎ ወደ ማድቤቱ ተመለከተ። ምን ላድርገው? ደክሞኛል። እሳት አይቼ ፊቴን የማዞርበት ዕድሜ ላይ ደርሻለሁ።

እጄ ብቻ ቢሆን እችለው ነበር። ጣቶቼ እንደ ዝንጅብል ተጣመዋል፣ ጠዋት ጠዋት ሙቅ ውሃ ካልነከርኳቸው አይዘረጉም፤ ቢሆንም ሊጥ በክንድም ይታሻል። የከዳኝ ዓይኔ ነው። ጭሱ ጨረሰው። ባለፈው ጥቅምት ሰፌዱ ላይ ስንዴ ዘርግቼ ፍሬን ከፍሬ መለየት አቃተኝ። ሁሉም አንድ ሆነብኝ። ያኔውኑ ሰፌዱን አስቀመጥኩና «በቃኝ» አልኩ። ሌላ ሰው ቢሆን «ትንሽ ልሞክር» ይል ይሆናል። እኔ ግን ስንዴ በደንብ ሳይለቀም ምን እንደሚሆን አይቻለሁ፤ ይህንን የማስጽፈውም ስለዚሁ ነው።

የሚጽፍልኝ ጎረቤቴ ደብተራው ነው። ቀለሙን የበጠበጠው ከእኔው ምጣድ ጥላሸት ነው፣ ድካሙንም የሚቆጥረው በዳቦ ነው። ገና ሲጀምር «ኅብስት ብዬ ልጻፈው?» አለኝ። «ዳቦ በል» አልኩት። «ኅብስት ብንል ያምራል እኮ።» «ወንድሜ፣ ኅብስቱ የመቅደሱ ነው። እኔ የሸጥኩት ዳቦ ነው፤ እንደ ሸጥኩት ጻፈው።» ቅር ብሎት ጻፈ።

ሥራ የጀመርኩት ግቢ ውስጥ ነው። ንጉሡ አንኮበር በሚኖሩበት ዘመን እንጀራው ለብቻ፣ ዳቦው ለብቻ ይጋገር ነበር። እናቴ ፈጪ ነበረች፤ እኔንም ከወፍጮው አንስተው ወደ ዳቦው ሰጡኝ። ቀለባችንን እንበላለን፣ በዓመት አንድ ቀሚስ እንለብሳለን፤ ስለ ክፍያው ከዚህ በላይ የሚወራ የለም። የበላያችን የነበረው አዛዥ ጉንጩን በዳቦ ሞልቶ «ዳቦው ምን ሆኗል!» እያለ የሚቆጣ ሰው ነበር። ቁጣውን ሲጨርስ ዳቦውም ያልቃል።

ዳቦን ያስተማረችኝ እመት አጸደ ናት። ቀጭን፣ ጥቁር፣ ዝምተኛ ሴት ነበረች። «እንዲህ አድርጊ» ትላለች እንጂ «ስለዚህ ምክንያት» አትልም። እኛም «ለምን?» አንልም፤ ያኔ ትልቅን ሰው ለምን ብሎ መጠየቅ ድፍረት ነው። ስንዴ ሲለቀም ሰፌዱን ይዛ ወደ በሩ ትቀመጣለች፣ ብርሃኑ ከጎን እንዲመታው። ፊት ለፊት የሚመጣ ብርሃን ይሸውዳል፤ ከጎን ሲመጣ ግን ቀጭኑ ፍሬ ጥላው ይለያል። እፍኝ አፍሳ ትዘረጋለች፣ በጣቷ ትገፋለች፣ ሌላ እፍኝ ትዘረጋለች። እኔ ስቸኩል እጄን በእጇ ያዝ ታደርገዋለች። አትቆጣም። ትይዘኛለች፣ እኔም አፍሬ ቀስ እላለሁ።

የአንኮበር ጭጋግ ለሊጥ ጠላት ነው። እርሾው በጊዜው አይነሣም። ጭራሽ ሠራዊቱ ደብረ ብርሃን ሲሰፍር ተከትለን የወጣን ጊዜ፣ ያ ሜዳ ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል፣ ሊጡ እንደ ድንጋይ ዝም አለ። አዛዡ «ዛሬ እንግዳ አለ!» እያለ ይጮሃል። እመት አጸደ የለበሰችውን የሱፍ ልብስ፣ በናዋን፣ ገፍፋ ቡሃቃውን ጠቀለለችበትና እሷ በነጠላ እየተንቀጠቀጠች ተቀመጠች። ሊጡ ተነሣ። እሷ ግን ሳል ይዟት ሰነበተ፤ ያ ሳል እስከ ዛሬም አልለቀቃት ይሆናል።

ዳቦውን በኮባ ቅጠል ነው የምንጋግረው። ቅጠሉን እሳት ላይ ታሳልፊዋለሽ፣ ይለሰልሳል። በፍስክ ቅቤ፣ በጾም የኑግ ዘይት ትቀቢዋለሽ። ሊጡ ይፈስበታል፣ ይሸፈናል፣ ከላይ ሌላ ምጣድ ይደፋበትና ፍም ይደረግበታል። የታች እሳት ኩበት ነው፣ እንጨት ይቸኩላል። ሲወጣ ገልብጠሽ በጣትሽ መታ መታ ታደርጊዋለሽ፤ ባዶ ድምፅ ከሰጠ በስሏል፣ ድፍን ከሆነ መልሺው። ደብተራው «ለማን ነው የምታስተምሪው?» ብሎ ሳቀብኝ። እኔ እንጃ። ለሚያነበው።

እመት አጸደ አንድ ሌላ ልማድ ነበራት። ከእያንዳንዱ ጋገራ የመጀመሪያውን ቁራሽ ራሷ ትበላለች። ከዚያ ዳቦው ሁሉ ተደርድሮ፣ ሰው ሁሉ እየጠበቀ፣ እሷ ነጠላዋን አጣፍታ በዝግታ እስከ ግቢው ጥድ ዛፍ ሄዳ ትመለሳለች። ስትመለስ «አውጡ» ትላለች። ያኔ ዳቦው ይወጣል። እኔ የግቢ ወግ ነው ብዬ ተውኩት። የጌታ ማዕድ ላይ ቀማሽ አለ፤ መርዝ እንዳይኖር ቀምሶ ይቆያል። ይህም የዚያ ዓይነት መስሎኝ ነበር።

ከጊዜ በኋላ አሰናብቱኝ ብላ ከግቢ ወጣችና እኔንም ይዛኝ ወጣች። ወደ አልዩ አምባ በሚወርደው መንገድ ራስ ላይ፣ አሁን ባለሁበት ቤት፣ ዳቦ መሸጥ ጀመርን። የአገሩ ሰው መጀመሪያ አላገጠብን። «ዳቦ ለእንግዳ ይቆረሳል እንጂ እንዴት ይሸጣል? ምነው፣ ማፈር ቀረ?» አሉን። በቅሎ ጭኖ ቆላ የሚወርደው ቀፊላ ነጋዴ ግን እግዜር ይስጠው፣ ገዛ። አገር የሌለው፣ ሚስቱ ሩቅ የሆነች መንገደኛ ትኩስ ዳቦ ሲያገኝ ምን ማፈር ያውቃል! እመት አጸደም ዋጋውን ዝቅ፣ ዳቦውን ወፍራም አደረገችው። ወዲያው ስማችን እስከ ቆላ ደረሰ።

እዚህም ያው ልማዷ አልለቀቃትም። የመጀመሪያውን ቁራሽ ትበላለች፣ እስከ አጥሩ ጥግ ሄዳ ትመለሳለች። በጾም ቀንማ ራሷ መቅመስ ስለማትችል፣ በአጥሩ ላይ ቁራሹን ለጎረቤታችን ለእማ ዘሀራ ታቀብላታለች። እማ ዘሀራ አርጎባ ናት፣ እስላም፤ ባሏ ሞቶባት አሊ የሚባል አንድ ልጇን ያሳደገች ሸማኔ። ዳቦውን ትበላለች፣ ከዚያ ሁለቱ አጥር ተደግፈው ስለ ፈትል፣ ስለ ዝናብ ያወራሉ። ነጋዴው በቅሎውን ጭኖ ይንቆራጠጣል። እኔ በልቤ «ኧረ እመት፣ ወሬውን በኋላ አድርጊው» እላለሁ።

ከዚያ ንጉሡ ወደ እንጦጦ ወጡ። አንኮበር ባዶ ቀረች ማለት ይቻላል። አዛዡ የእመት አጸደን ዳቦ አልረሳም ኖሮ መልእክተኛ ላከባት፤ እምቢ አይባል። የእርሾውን ማድጋ ለእኔ ትታ ወጣች። በቅሎ ላይ ሆና የተናገረችኝ ነገር «የመጀመሪያውን ቁራሽ እንዳትረሺ» የሚል ብቻ ነው። «እሺ እመት» አልኩ። እሺ ማለት ምን ያቅታል።

ገበያው ቀዘቀዘ፣ ስንዴው ደግሞ ተወደደ። እኔ ግን ጉረኛ ነበርኩ። «የውድነሽ ዳቦ አላነሰም፣ አልተወደደም» መባሉን ወደድኩት። ስለዚህ ከዚህም ከዚያም መቆጠብ ያዝኩ። መጀመሪያ የቆጠብኩት ያንን ቁራሽ ነው። «እዚህ ማን ንጉሥ አለና ነው መርዝ የምቀምሰው?» አልኩ። ነጋዴውም ሳይቆም ተቀብሎ መሄዱን ወደደው።

የክፉ ቀኔ ስንዴ የመጣው ከደብረ ብርሃን ገበያ ነው። አንድ ባላገር፣ ማሳው ውሃ የሚተኛበት፣ ርካሽ አድርጎ ሸጠልኝ። ቤት ገብቼ ሰፌድ ላይ ስዘረጋው እንክርዳዱን፣ ያንን ራስ የሚያዞረውን ቀጭን ፍሬ፣ አየሁት። አየሁት እላለሁ፤ ያኔ ዓይኔ ደህና ነበር። ለዓመታት ለሰው ሁሉ «ባላገሩ አታለለኝ» ስል ኖሬያለሁ፣ ውሸት ነው። ግማሹን ለቀምኩ። ግማሹ ላይ ጭጋጉ ገባ፣ ብርሃን ጠፋ፣ በማግስቱ ደግሞ ቀፊላው ለዓርቡ ገበያ ሊወርድ ነው። «ትንሽ እንክርዳድ ማንን ገደለ» ብዬ አስፈጨሁት።

ጊዜው ሁዳዴ ነበር። ጋገርኩ፣ አልቀመስኩም፣ እጾማለሁና። እማ ዘሀራ አጥሩ ማዶ ፈትሏን ስታዳውር አይቻታለሁ። አልጠራኋትም። አሊ ያኔ ጎበዝ ነው፣ የቀፊላው በቅሎ ነጂ፤ «እትዬ ውዴ፣ ሦስት ስጪኝ» አለና እየሳቀ ወሰደ።

ቁልቁለቱን ያላየ ሰው አንኮበርን አያውቃትም። ከምንጩ በታች መንገዱ ለአንድ በቅሎ ብቻ ነው፣ በቀኝ በኩል ገደል። አሊ ምንጩ ጋ አንዱን ዳቦ በላ። ጥቂት እንደ ሄደ እግሩ ተብረከረከ፣ የበቅሎዋን ገመድ እንደ ጨበጠ ተንሸራተተና አብሯት ወደቀ። በቅሎዋ ከነጭነቷ ገደል ገባች። እሱን ቁጥቋጦ ያዘው፤ ግን ጭኑ ከሁለት ቦታ ተሰበረ። በቃሬዛ ወደ ላይ አመጡት። ወጌሻው ሲያስረው ጩኸቱ እኔ ቤት ይሰማ ነበር።

ስብራቱ አነሰና ሌላ ተጨመረበት። የቀፊላው አለቃ «ሰክሮ ነው» ብሎ በገበያው አስወራ። ሲንገዳገድ አይተውታል፣ ምላሱ ተሳስሯል፣ አስመልሶታል፤ ታዲያ ምን ይባላል? እስላም ሆኖ፣ የሰው ንብረት ይዞ ሰከረ! አለቃው «ከእንግዲህ ከእኔ ጋር ገመድ አይጨብጥም» አለ፤ ሌሎቹም ሰላምታ ነሱት። ለእጮኝነት የጠየቃት ልጅ አባት ነገሩን አፈረሰው። ይህን ሁሉ እሰማለሁ። እንክርዳድ መሆኑን ከመጀመሪያው ሰዓት አውቄዋለሁ። ዝም አልኩ። ዳቦዬን፣ ስሜን፣ ቤቴን አሰብኩና ዝም አልኩ። እንዲያውም «እግዜር ይማርህ» ልለው ገብቼ፣ እግሩ ሥር ተቀምጬ፣ እናቱ ያቀረበችልኝን ውሃ ጠጥቼ ወጣሁ።

በአራተኛው ቀን እማ ዘሀራ በአጥሩ ሳይሆን በበሩ መጣች። እጇ ላይ ግማሽ ዳቦ አለ።

«ውድነሽ» አለች። ወትሮ ውዴ ነው የምትለኝ። «ይቺ ከልጄ ስልቻ የተረፈች ናት። ቁራሽ በላሁና ግድግዳው ዞረብኝ።»

ዳቦውን አየሁት፤ የእኔው ነው።

«አጸደ እያለች ቀማሽዋ እኔ አልነበርኩም? በጾማችሁ ቀን? 'ዘሀራ፣ ራስሽን ካዞረሽ ንገሪኝ፣ እንክርዳድ አምልጦኝ እንዳይሆን' ትለኝ ነበር። እስኪታወቅ ድረስ ነው እኮ ቆመን የምናወራው። አንቺ ለምን ሳትጠሪኝ ቀረሽ?»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ጥዱ ድረስ መሄዷ፣ መመለሷ፣ የአጥር ላይ ወሬዋ፣ ሁሉም። መርዝ ስትፈራ አልነበረም፤ መንገደኛውን ከእንክርዳድ ስትጠብቅ ነበር፣ ማናችንም ግን ይህን አልተማርንም። «እማ ዘሀራ፣ አይቼዋለሁ። እንክርዳዱን አይቼ ነው የፈጨሁት» አልኳት። ትመታኛለች ብዬ ነበር። ብትመታኝ በወደድኩ። «ወላሂ፣ ልጄ አልጠጣም» አለች። ዳቦውን መደቡ ላይ አስቀምጣልኝ ወጣች።

በሚቀጥለው ዓርብ ያንን ግማሽ ዳቦ በነጠላዬ ቋጥሬ አልዩ አምባ ወረድኩ። ገበያው ጢም ብሏል፤ ጨው፣ ቡና፣ ግመል፣ ሰው። የቀፊላውን አለቃ አገኘሁትና «አሊ አልሰከረም፣ ያሰከረው ዳቦዬ ነው» አልኩት። ሳቀ። «እናቱ ላከችሽ?» አለኝ። ሰው ከበበን። ምን ብዬ ላስረዳው? ዳቦውን ፈታሁና በሁዳዴ ዓርብ፣ በጠዋት፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት መብላት ጀመርኩ። አንድ ክርስቲያን ነጋዴ «ኧረ ሴትየዋ፣ ጾም ነው! አብደሻል?» ብሎ ጮኸ። በላሁ። ደርቋል፣ ይመራል፣ ጉሮሮዬን ይቧጥጣል፤ እስኪያልቅ በላሁት። ከዚያ «ቁሙና እዩኝ» አልኳቸው።

ብዙም አልቆየ። መጀመሪያ የጨው ክምሩ ተወዛወዘ። ቀጥሎ የአለቃው ፊት ሁለት ሆነ። ልናገር ስል ምላሴ እንደ ጨርቅ ከበደኝ። ልጆች «ሰከረች! ሰከረች!» እያሉ ሳቁ፤ ወደቅሁ፣ አስመለሰኝ፣ ነጠላዬ ተገፈፈ። ይህን ሳስጽፍ አሁንም ፊቴን ያቃጥለኛል። አለቃው ግን አልሳቀም። ጎንበስ ብሎ አየኝና «አስተግፊሩላህ» አለ። በዚያው ቀን አሊ አለመስከሩን በገበያው አስነገረ።

የንስሐ አባቴ ለተሻረው ጾም አርባ ስግደት ሰጡኝ። ለዳቦው ምንም አላሉኝም። እኔ የከበደኝ ዳቦው ነበር።

የአሊ ስም ተመለሰ፣ እግሩ ግን አልተመለሰም። አጥሮ ቀረ። በቅሎ መንዳት ቀርቶ በእናቱ መሸመኛ ጉድጓድ ውስጥ ተቀመጠ። እኔም ደንበኛ አጣሁ፤ የሚገርም አይደለም። ጋግሬ ራሴው እበላለሁ፣ የተረፈውን ለደብር እሰጣለሁ። ማድጋውን ልሰብረው አንድ ቀን ብቻ ነበር የቀረኝ። አንድ ረቡዕ አሊ ምርኩዙን እየተመረኮዘ መጣና ደጄ ላይ ካለው መደብ ተቀመጠ።

«እትዬ ውዴ፣ የመጀመሪያውን ቁራሽ አምጪ» አለኝ።

«አንተ? ደግሞ አንተ ልትበላ?»

«አሁንማ ብወድቅ ከመደብ ላይ ነው የምወድቀው። አምጪ ባክሽ።»

ሰጠሁት። በላ፣ ተቀመጠ። መንገደኛ ያልፋል፣ ያየዋል። ያ በእሷ ዳቦ እግሩን ያጣው ሰው ተመልሶ ዳቦዋን ይበላል! በጾሙ ቀን ሁሉ መጣ። በፍስኩ እኔ ራሴ እበላለሁ፣ እስከ አጥሩ ጥግ ሄጄ እመለሳለሁ። ቀስ እያለ ነጋዴው ተመለሰ። ዋጋውን አልጨመርኩም፤ ዳቦው ግን ትንሽ ቀጭን ሆነ፤ ለሚጠይቀኝም «የቀነሰው ከስንዴው ተለቅሞ የሚጣለው ነው» እለው ነበር። እንዲህ ሆነን ስድስት ክረምት አለፈ።

አሁን ማድጋውን የወሰደችው ጥሩወርቅ ናት፤ ከጎረቤላ በኩል የመጣች፣ ዓይኗ የሰላ፣ እጇ የማይሰንፍ። እኔ እንደ እመት አጸደ ዝም አልልም። እንክርዳዱን በእጇ አስይዤ፣ የአሊን እግር አሳይቼ፣ ልማዱን ከነምክንያቱ ነገርኳት። ማፈሬ ምን ያደርግልኛል? ሳልነግራት ብሞት ነው የሚብሰው።

ዛሬ ረቡዕ ነው። ደብተራው ይህንኑ ሲጽፍ ጥሩወርቅ ከአዲሱ ቤቷ ትኩስ ቁራሽ ይዛ መጣች። ደጇ ላይ አምስት ስድስት ነጋዴ በቅሎ ጭኖ እየጠበቀ ነው። አሊ እንደ ወትሮው መደቡ ላይ ተቀምጦ ነበርና ቁራሹን ተቀብሎ ማላመጥ ጀመረ። ደብተራው ስለ እንክርዳዱ የጻፈውን ጮክ ብሎ ሲያነብልኝ አሊ እየሰማ ነበር። ባላገሩ እንዳላታለለኝ፣ አይቼ እንደፈጨሁት፣ ለእናቱ እንጂ ለእሱ በአፌ ነግሬው አላውቅም። ቀና ብዬ ማየት ፈራሁ።

«እትዬ ውዴ» አለ አሊ። «ምንጩ ጋ ስቆርሰው ምሬቱን አውቄው ነበር እኮ።»

«አውቀኸው?»

«አዎን። እንክርዳድ መሆኑንም ጠርጥሬ ነበር።»

«ታዲያ ለምን በላኸው? ለምን አልጣልከውም?»

ትከሻውን ነቅነቅ አደረገ። «ያንቺ ዳቦ ነዋ» አለ።

ስድስት ክረምት ሙሉ ደጄ ላይ ሲቀመጥ ይህን አንድ ቀን አልነገረኝም። አለቀስኩ፤ ደብተራው ብዕሩን አስቀምጦ ወደ ጣሪያው ማየት ጀመረ።

ጥሩወርቅ ከበሩ ላይ ሆና «እትዬ፣ ሰዎቹ ቸኩለዋል፣ ልሽጥላቸው?» አለች። አሊ ራሱን ያዞረው አያዞረው ገና አልተናገረም፣ ዓይኑን ጨፍኖ ተደግፏል።

«ትንሽ ይቆዩ» አልኳት።